ልጄን በቡና ባስኩል መዘንኳት፣ አሁን አታናግረኝም

የጀንፈል ነጋዴው፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ማንበብ እንጂ መጻፍ አልለመድኩም። ረዘም ካለባችሁ ታገሱኝ።

የምኖረው ጅማ፣ ቆጪ ነው። ቡና ነጋዴ ነኝ። ትልቅ እንዳይመስላችሁ፤ ከገበሬ ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ ሰብስቤ ለትልልቆቹ ነጋዴዎች ነው የማስረክበው። መጋዘኔና ቤቴ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 10 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 7። ልጁ ሸንበቆ ነው፤ የበላው የት እንደሚገባ አይታወቅም። እሷ ግን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እየወፈረች መጣች።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ ብሎን ነበር። እኛ ሰፈር የምትታማው ልጅህ ሲከሳ ነው። "ምን ብታበሏት ነው እንዲህ ያማረባት?" ሲሉን ባለቤቴ ቀና ቀና ትላለች። እኔም ሥራዬ የተሳካልኝ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩን ያወቅነው ባለፈው ነሐሴ ነው። ቶንሲል አሟት ሐኪም ጋ ወሰድናት። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ ሲጨርስ ቁመቷን ለካ፣ መዘናት። 142 ሴንቲ ሜትር፣ 53 ኪሎ። ከዚያ ጠመዝማዛ መስመሮች ያሉበት ወረቀት አውጥቶ ነጥብ አደረገ። ነጥቧ ከላይኞቹ መስመሮች መሃል አረፈች። "ይሄ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው፣ ክትትል ያስፈልጋታል" አለን። በወር አንዴ መመላለስ ጀመርን።

የነገረን ነገር ብዙ አልነበረም። ለስላሳ ይቅር። እሷ ብቻ ሳትሆን የቤቱ ሰው ሁሉ አበላሉን ያስተካክል። ትጫወት፣ ትሩጥ። በጊዜ ትተኛ። ቤት ውስጥ ደግሞ አትመዝኗት። የመጨረሻዋን ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኳት። ምን ላድርግ፣ ሚዛን ላይ የምውል ሰው ነኝ። ገበሬ ጀንፈሉን ጭኖ ሲመጣ ሰላምታው ሳያልቅ ዓይኔ ባስኩሉ ላይ ነው። ያልተመዘነ ነገር ልቤ አይቀበለውም።

ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ባስኩሉ ላይ አወጣኋት። ቁጥሩን የምጽፈው የገበሬዎቹን ሂሳብ በምይዝበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ጫማዋን አውልቃ እየሮጠች ትመጣ ነበር። ኅዳር ላይ ካልጠራኋት አትመጣም። ታኅሣሥ ላይ እጇን ይዤ ነው የማመጣት።

አንድ ቅዳሜ፣ ቡና በብዛት የሚገባበት ሰሞን ነው፣ መጋዘኑ ሰው ሞልቶታል። ወጣች። 51። ደስ ብሎኝ "51 ገባሽ!" ብዬ ጮህኩ። ከጫኝና አውራጆቹ አንዱ፣ ልጁ ክፉ አይደለም፣ አፉ ነው፣ "ልክ ሦስት ፈረሱላ! በሉ ማዳበሪያ አምጡላት" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ለማታውቁ፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ እዚህ ቡና የሚወራው በሱ ነው።

እሷም ሳቀች። እንደውም ከሁላችንም በላይ። ከዚያ ወርዳ ጫማዋን አሰረች። ማታ ሆዴን አመመኝ ብላ ሳትበላ ተኛች። እኔ እውነት ሆዷን ያመማት መስሎኝ የዝንጅብል ሻይ አስፈላሁላት።

ጥር ላይ ክትትል የምናደርግበት ቦታ ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎች መጠይቅ ሰጡን። ለእሷ አንድ፣ ለእኔ አንድ፣ ለየብቻ። ጥያቄው ግን ያው ነው። ስለ ምግብ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ባለፈው አንድ ወር ትፈራለች ወይ፣ ታዝናለች ወይ፣ እንቅልፍ ይወስዳታል ወይ፣ ልጆች ያሾፉባታል ወይ። እኔ በአምስት ደቂቃ ጨረስኩ። በጭራሽ፣ በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ በጭራሽ። እሷ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። በኋላ መጠይቁን ያስሞላቻት ልጅ እሷኑ አስፈቅዳ አነጋገረችኝ። "ልጆች ያሾፉብሻል?" ለሚለው የልጄ መልስ "ሁልጊዜ ማለት ይቻላል" ነው። ትምህርት ቤት ስሟ "ሦስት ፈረሱላ" ሆኗል። ማን እንዳደረሰው አላጣራሁም። ምን ያደርግልኛል፣ የወጣው ከእኔ መጋዘን ነው።

አሁን ቤታችን እንዲህ ነው። ባለቤቴ ከፍራሿ ሥር 14 የብስኩት ወረቀት አገኘች። እንደ ብር ተጣጥፈው። ሰው ፊት ግን አትበላም። ጾሙ ሲገባ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ አለች። አማቴ "ተባረኪ ልጄ" ብለው ደስ አላቸው። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ለጾሙ ይሁን ለባስኩሉ አላወቅኩም። አማቴም ራሳቸው ሌላ ጣጣ ናቸው። እኛው ጋ ነው የሚኖሩት። ከጾሙ በፊት ቀን በጓዳ በኩል ድፎ ዳቦ በማር ሲያጎርሷት ይውሉና ማታ "ልጅቷን በረሃብ ጨረሳችኋት" ይሉናል። ትንሹስ ምን እንደለመደ ታውቃላችሁ? ሲጣሉ "በልተሻል፣ ለአባዬ እነግራለሁ" ይላታል። የሰባት ዓመት ፖሊስ። እኔና ባለቤቴ ከእሷ ሳህን ሌላ ወሬ የለንም።

ጥያቄዬ ምን ትብላ አይደለም፤ እሱን ሐኪሙ ነግሮናል። ክትትሉን ሳላቋርጥ ቤቴን ተመልሶ ቤት የማደርገው እንዴት ነው? ይህን ያለፈ ሰው ካለ ይንገረኝ። ባስኩሉን ከተውኩት ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኳትም። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም።


ጊዜው ከፋ፦

አቦ ተዉን እስቲ። ስንቱ የሚበላው አጥቶ ያንተ ችግር ልጄ ጠገበች ነው? የኛ እናቶች ክትትል ምናምን ያውቁ ነበር? ለስላሳውን ከልክል፣ ውሃ በጀሪካን ትቅዳ፣ በቃ ትከሳለች።


ሻጭና ገዢ፦

ከርዕሱ ስለወጣሁ ይቅርታ። ጀንፈል ሰሞኑን ፈረሱላውን በስንት ነው የምትረከበው?


የጀንፈል ነጋዴው፦

ወንድሜ በውስጥ አውራኝ። እዚህ ስለ ልጄ ነው።


የቦሳዋ እናት፦

ወንድሜ፣ እንኳን ጻፍክ። ከላይ "ጠገበች" ላለው ሰው መልስ ነበረኝ፣ ግን ጾመኛ ነኝ።

እኔም እዚሁ ጅማ ነኝ። የኔው ወንድ ነው። ክትትል የጀመርነው በ12 ዓመቱ ነው፣ አሁን 14 ሆኖታል። አንተ ባስኩሉን ነገርከን፣ እኔ ደግሞ ሎሚውን ልንገርህ። ልጁ አንገቱ በዙሪያው ጠቆረ። ቆሻሻ መሰለኝ። በሳሙና ፈገፈግኩት፣ አልለቅ አለ። በሎሚና በሻካራ ጨርቅ አሸሁት። ቆዳው ተልጦ አለቀሰ። በአክስቶቹ ፊት "ይሄ ልጅ አይታጠብም" ብዬ አማሁት። በኋላ ሐኪሙ አየውና "ይሄ እድፍ አይደለም፣ ከኢንሱሊን ጋር የተያያዘ ነው፣ ቢታሸም አይለቅም" አለኝ። መንገዱን ሙሉ ባጃጅ ውስጥ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ልጁ ነው ያባበለኝ።

እና ምን አደረግን። መጀመሪያ የሠራነው ስህተት ልዩ ሳህን ነው። እኛ በአንድ ትሪ ጥብስ እንበላለን፣ እሱ ጥግ ላይ ጎመኑን ይዞ ይቀመጣል። ሐኪሙ እንዲህ አላለንም፤ እኛው ነን ያመጣነው። ልጁን በገዛ ቤቱ ስደተኛ አደረግነው። አንድ ቀን ታናሽ እህቱ "እሱ ምን አጥፍቶ ነው?" ብላ ጠየቀችን። እዚያ ጋ ነው የነቃነው። ከዚያ በኋላ ትሪው አንድ ሆነ። የሚቀርበው ለሁላችን ይቀርባል፣ የቀረው ለሁላችን ቀረ። ለስላሳ ከቤት ወጣ። ይሄን ስልህ ልጁ አይደለም ያስቸገረኝ፤ ባለቤቴ ነው። ከሥራ ሲመጣ አንድ ጠርሙስ ካልከፈተ ቀኑ አይመሽለትም ነበር። በዚያች ትንሿ ጠርሙስ ውስጥ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር እንዳለ ሲሰማ "ታዲያ እኔን ማን ተከታተለኝ?" አለ።

ጁስ ላይም ተሸውደን ነበር። የጅማ አቮካዶ ነው፣ ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይላል ብለን። ጁስ ቤት ገብተህ ሲሠሩት እየው፦ ስኳሩን በጭልፋ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ቪምቶ። አሁን አቮካዶውን ቤት ቆርጠን ሎሚ ጨምቀንበት በማንኪያ እንበላለን። ሎሚውም ወደ ትክክለኛ ሥራው ተመለሰ።

ስለ አማትህ። እናቴም እንደዚያው ናቸው። የረሃብ ዘመን ያየ ሰው ልጅ ሲቀንስ ዓይኑ አይችልም፣ አትፍረድባቸው። እኔ እናቴን አልተጣላኋቸውም። እንዲህ አልኳቸው፦ "እማ፣ አጉርሺው፣ ግን ትሪው ላይ፣ ሁላችንም እያየን፣ ሁላችንም ከምንበላው።" አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ፣ ሁለት ይፈቀድልሽ አልኳቸው። የጓዳው ነገር ቀስ በቀስ ቀረ። ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ሳምቡሳ ላይ ዛሬም ይሸነፋሉ፣ በተለይ በዚህ ረመዳን።

ስለ ጾሙ የኔም ልጅ እንዳንተዋ ሊያደርግ ነበር። "ሙሉውን እጾማለሁ፣ እከሳለሁ" አለኝ። "የኔ ልጅ፣ ጾም ለአላህ ነው፣ ለሱሪ ቁጥር አይደለም" አልኩት። ማታ ፊጥር ላይ ተቀምጬ አብሬው እበላለሁ፣ ሰሑርም እቀሰቅሰዋለሁ።

ሌላው እሑድ እሑድ ጅሬን መውጣታችን ነው። እኔ፣ እህቴ፣ አምስት ልጆች። ዳገቱን በእግር እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ሕጋችን አንድ ነው፦ መንገድ ላይ ስለ ክብደት ያነሳ ሰው የሁላችንን ውሃ ይሸከማል። መጀመሪያ ሰሞን እህቴ ናት ስትሸከም የነበረችው። ልጁ መጀመሪያ ይጠላው ነበር፣ ከኋላ ከኋላ ነው የሚመጣው። አሁን ቀድሞን ይደርስና ላይ ሆኖ ከተማውን ያያል።

አልዋሽህም፣ ክብደቱ ዛሬም ከእኩዮቹ ይበልጣል። ግን ማንኮራፋቱን ትቷል። ክፍል ውስጥ መተኛቱንም። ጓደኛ ቤት ይሄዳል። አልሐምዱሊላህ።


እህት ነርስ፦

ነርስ ነኝ። ጅማ ነው የተማርኩት፣ አሁን የምሠራው ሌላ ከተማ ነው። የልጅህን ካርድ አላየሁም፣ ስለዚህ የምለውን ይዘህ ሐኪማችሁን ጠይቀው።

ቁጥር የምትወድ ሰው ስለሆንክ ከቁጥር ልጀምርልህ። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ኪሎ ማራገፍ ሳይሆን ቁመቷ እየጨመረ ክብደቷ ባለበት እንዲቆይ ነው። ሐኪሞች ውፍረትን እንደሚገምቱት ክብደትን በሜትር ቁመት፣ እንደገና በቁመት ብታካፍለው፣ 53 ኪሎ በ142 ሴንቲ ሜትር 26 ገደማ ይመጣል። ያው 53 ኪሎ በ150 ሴንቲ ሜትር ወደ 23.6 ይወርዳል። አንድ ግራም ሳትቀንስ። ባስኩል ቁመት አያውቅም። "51 ገባሽ" ብለህ የጮህክባቸው ሁለት ኪሎዎች እንዴት እንደሄዱም አልነገረህም። እራት በመዝለል ከሄዱ ደስ የሚሉ ኪሎዎች አይደሉም።

መጠይቁ ለልጅም ለወላጅም ለየብቻ የሚሰጠው ሆን ተብሎ ነው። የሁለቱ መልስ ብዙ ጊዜ ስለማይገጥም። ስለ ሰውነቷ ጥሩ ግምት ይኖርሃል፣ ስትሮጥ ታያታለህ። ክፍል ውስጥ የምትባለውን ግን አትሰማም። ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ነበር። በጣም ከባድ ውፍረት ይዘው ሆስፒታል የሚታዩ ልጆች ስለ ኑሯቸው ተጠየቁ። የሰጡት ነጥብ ካንሰር ከሚታከሙ ልጆች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ልጅህ እንደነሱ ናት ማለቴ አይደለም። ግን "ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች" የሚል ሰው ቢመጣብህ አትስማው። መሾፍ ማንንም አቅጥኖ አያውቅም። ተደብቆ መብላትንና ከጨዋታ መሸሽን ነው የሚያመጣው።

የብስኩቱን ወረቀት እንደ ስርቆት አትቁጠሩት። ቀን ሙሉ ሳትበላ የዋለች ልጅ ማታ ብቻዋን ስትሆን ምን ታድርግ? ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት ሰዓታቸውን ይጠብቁ። ምን ይቅረብ፣ መቼ ይቅረብ የሚለው የእናንተ ነው። ከቀረበው ምን ያህል ትብላ የሚለውን ለሷ ተዉላት። ትንሹን ደግሞ ከፖሊስነት አሰናብተው።

ስለ ጾሙ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ፣ በሕክምና ላይ ያለ ልጅ ለነሱ አዲስ ነገር አይደለም። ጾሙ ሲያልቅም ምግብ የምትሸሽ ከሆነ፣ ወይም በልታ ስታስመልስ ከሰማችሁ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ። ይህን አደራ እላለሁ።

የቀረውን ሐኪሙ ነግሯችኋል። በቀን 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ ጨዋታ፣ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ፣ ስልክ ከመኝታ ክፍል ውጭ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ ክትትል ከቤተሰብ ጋር ሆኖ ከ3 እስከ 12 ወር ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት ይሁን ይላል። እናንተ በወር አንዴ የምታገኙት ምናልባት ሃያ ደቂቃ ነው። ሌላው ሰዓት ሁሉ ያለው እናንተ ቤት ነው። ሐኪሙ "የቤቱ ሰው ሁሉ" ያለው ለዚህ ነው።


በረኛው፦

እኔ ልጁ ሆኜ ልመልስልህ። እዚያው ጅማ፣ አጂፕ ሰፈር ነው ያደግኩት፣ ስሜ "ዱባ" ነበር። ወፍራም ልጅ ኳስ ሜዳ ሲሄድ ማንም ሳይጠይቀው በረኛ ነው። ጎሉን ይሞላል ይላሉ። አልሞላሁትም፣ በጎኔ ይገባ ነበር።

ጅማ አባ ጅፋር በ2010 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫውን ሲያነሳ 11 ዓመቴ ነው። ከተማው አብዷል። አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተዋል። አባቴም ሊያወጣኝ ጎንበስ አለ፣ ሞከረ፣ አቃተው። "ከበድክ እኮ!" አለኝ እየሳቀ። ምንም ክፋት አልነበረበትም። ከዚያ ቀን ሁሉ የማስታውሰው ግን ዋንጫውን አይደለም።

አባቴ ቢያደርግልኝ ደስ የሚለኝ የነበረ ነገር ምን መሰለህ? ስለ ሌላ ነገር ቢያወራኝ። ከትምህርት ቤት ስመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን በላህ?" ነበር። ሥዕል እሥላለሁ፣ አንድ ቀን "ምን ሣልክ?" ብሎኝ አያውቅም። አንተ ስለ ልጅህ ይህን ሁሉ ጽፈህ ስለ ክብደቷ እንጂ ምን እንደምትወድ አንድ መስመር የለም። ለመውቀስ አይደለም፣ ዓይኔ ስለገባ ነው።

ይቅርታውን ጠይቃት። አጭር ይሁን። "ለጥቅምሽ ብዬ ነው" የምትለዋን አትጨምርበት፤ እሷ ከገባች ይቅርታ መሆኑ ይቀራል። ትምህርት ቤት ሄደህም ልጆቹን አታስገርፍ። አባቴ አንዴ እንደዚያ አድርጎ ለአንድ ዓመት "ዱባ ከሳሽ አለው" ሲሉኝ ከረሙ። አስተማሪዋን ብቻ በጎን አናግራት።


የጀንፈል ነጋዴው፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ። ሁላችሁንም አንብቤያለሁ፣ ለባለቤቴም አነበብኩላት። የሎሚውን ጋ ስትደርስ ዝም አለች። እሷም የልጃችንን አንገት ስትፈገፍግ ነበር ለካ።

በረኛው ልክ ነህ። ደግሜ ሳነበው አፈርኩ። ልጄ የምትወደው ዶሮ ነው። ግቢ ውስጥ ሰባት ዶሮዎች አሏት፣ ለሁሉም ስም አውጥታለች፣ የትኛዋ መቼ እንደጣለች በቃሏ ታውቃለች። ይሄው፣ አሁን ጻፍኩት።

አስተማሪዋን አነጋገርኩ፣ በጎን። የቦታ ለውጥ አደረገችላት፣ የቀረውን እኔው እጨርሰዋለሁ አለች። ያ ጫኝ ልጅም ሲሰማ ደነገጠ።

ይቅርታውን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጠየቅኳት። መጋዘኑ ባዶ ነው፣ ወቅቱ አልፏል። የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ፊቷ ቀደድኩት። "በሰው ፊት መዘንኩሽ፣ ሲስቁብሽም አብሬ ሳቅኩ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ" አልኳት። "ለጥቅምሽ" የምትለዋ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፣ ዋጥኳት። እሷ "እሺ" ብላ ወደ ዶሮዎቿ ሄደች። በቃ ይሄው ነው እንዴ አልኩ።

በማግስቱ መጣች። "አባዬ፣ አንተ ስንት ነህ?"

"ስንት ምን?"

"ኪሎ።"

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ቡና ስመዝን ራሴን መዝኜ አላውቅም። "ውጣ" አለች። ነርሷ እህቴ ትቆጪኝ ይሆናል፣ ወጣሁ። እሷ ናት ያነበበችው። 89። ጣቶቿን ቆጠረች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ "አምስት ፈረሱላ ከአራት ኪሎ!" ብላ ጮኸች። ወንድሟን ጠራችው። እናቷን ጠራቻት። እናቷ "እኔ ጀንፈል ነኝ እንዴ?" ብላ እንቢ አለች። ልጄ እዚያው ማዳበሪያው ላይ ተቀምጣ ሳቀች። የታኅሣሡ ሳቅ አይደለም። ያኔ ልዩነቱን አላውቅም ነበር።

ከዚህ ውጭ ያለው ብዙም አያስደንቅም። የንስሐ አባታችን ለእሷ ሰዓቱ ይቅርባት አሉ፣ ቁርስ መብላት ጀምራለች፣ ሽሮም ቢሆን። የብስኩት ወረቀት ባለፈው ሳምንት ሁለት ተገኘ፤ ባለቤቴ አይታ እንዳላየች ትታው ቆሎና ሙዝ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። ለስላሳ ከቤት ወጥቷል፣ እኔም አማርሬ አማርሬ ተውኩት። አማቴ ጋ ግን ገና ነው። ሥራ እንስጣቸው ብለን ጎመኑን ለሳቸው ተውንላቸው። ጎመኑ ዘይት ውስጥ ይዋኛል። ምን ይደረግ፣ በጓዳ ከሚመጣው ይሻላል።

ቀጠሮዋ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። ስንት ሆና እንደምትገኝ ሳላውቅ ስሄድ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። እጄን ይበላኛል።

የቦሳዋ እህቴ፣ ጅሬን የምትወጡት በስንት ሰዓት ነው? ለልጄ ነገርኳት። "የኛ ትምህርት ቤት ልጆች ከሌሉ እሄዳለሁ" ብላለች።


የቦሳዋ እናት፦

ኢድ ይለፍና በቀጣዩ እሑድ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት እንነሳለን። የእናንተ ትምህርት ቤት ልጅ የለም። የኔው ልጅ ዓይን አፋር ነው፣ ግን ዶሮ ካነሳችለት አያቆምም፤ እሱም ሦስት አለው። ውሃና ዣንጥላ ያዙ፣ ሰማዩ ሰሞኑን አይታመንም።